ማመልከቻ ልመና አይደለም

 

እኔ አዲ አርቃይ የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሙያዬን ያገኘሁት ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ቀን ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን እናቶችና አባቶች አስተምራለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን የሥራ ማመልከቻ ነው። በመንግሥት ጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ለመቀጠር የሚጻፈውን ማመልከቻ ማለቴ ነው። ደብተር ያላችሁ ደብተራችሁን ዘርጉ። የሌላችሁም ጆሯችሁን ስጡኝ።

«ይህ እኛን ምን ያገባናል? የጤና ሥራ የሐኪም ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የአገራችንን የጤና ታሪክ ትንሽ ወደኋላ ሄደን እንይ። በ1946 ዓ.ም. አካባቢ ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። ያን ጊዜ በገጠር ገብቶ የሚሠራ የጤና ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሥራ ሲጀምር ያሠለጠነው ሐኪሞችን አልነበረም። የጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛ ነበር ያሠለጠነው። ሦስቱ ባንድነት ወደ ገጠር ይሄዱ ነበር። በሽታ የሚያክመውና ጉድጓድ የሚያስቆፍረው እኩል ያስፈልጋሉ ተብሎ ነው።

ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴት ልጆች ተመደቡ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ነበሩ። ለ1 ዓመት ሠልጥነው ወደ ገዛ አካባቢያቸው ተመለሱ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ቁጥራቸው በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሆነ። የገበሬ ልጆች ናቸው። ዛሬ ቤታችሁ መጥተው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የሚያስተምሯችሁ እነሱ ናቸው። ጤና ጣቢያ ደግሞ ያለ ጽዳት ሠራተኛ፣ ያለ ጥበቃ፣ ያለ ካርድ ክፍል አንድ ቀን አይውልም። እንግዲህ ነገሩ እናንተንም ልጆቻችሁንም ይመለከታል።

አሁን ወደ አንዲት እናት ታሪክ ልውሰዳችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸው ግን ታሪኩን ንገርልኝ ብለውኛል። እኚህ እናት የማታ ተማሪዬ ነበሩ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ጉሊት ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። ፊደል የቆጠሩት ከ30 ዓመታቸው በኋላ ነው። ቢሆንም አልቆሙም። በማታው ክፍለ ጊዜ 4ኛ ክፍል ደረሱ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ማታ ወረቀት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«መምህር፣ እስቲ ይዩልኝ። ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል አሉ። ራፖር ጸሐፊው ጋ ሄጄ ማመልከቻ አስጻፍኩ» አሉኝ።

ወረቀቱን ገልጬ አነበብኩ። ሙሉ ገጽ ነው። ጽሑፉ ያምራል። ሦስት ልጆች ይዘው በችግር ላይ መሆናቸውን ይናገራል። ባል እንደሌላቸው፣ የቤት ኪራይ እንዳለባቸው፣ ክረምቱ እንደከበዳቸው ይዘረዝራል። በመጨረሻም በፈጣሪ ስም እግር ላይ ወድቀው እንደሚለምኑ ይናገራል። ልብ ይነካል። እኔም ልቤ ተነካ።

ከዚያ «ከዚህ በፊት የጽዳት ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴ! ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ከ10 ወር አጽድቻለሁ እኮ» አሉ።

«ታዲያ እዚህ ላይ ለምን የለም?»

«እሱማ የቀን ሥራ ነው። ምን ያስወራል ብዬ ነው» አሉኝ።

አድማጮቼ፣ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህች መልስ ላይ ነው የተነሣው። እኚህ እናት ችግራቸውን አስጻፉ፤ ሥራቸውን ግን አፈሩበት። መሆን የነበረበት የዚህ ግልባጭ ነው።

በራፖር ጸሐፊው አልፈርድም። በፍርድ ቤት በር ጃንጥላ ተክሎ የሚውል ሰው ነው። ዳኛ ፊት በደል የሚነገርበትን ወረቀት መጻፍ ለምዷል። የሥራ ማመልከቻንም በዚያው መንገድ ይጽፈዋል። እኔስ ብሆን? ተምሬ እንደወጣሁ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን የጻፍኩት እንዲሁ ነበር። አባቴ እንደሞተ፣ ታናናሾቼን እንደማሳድግ አንድ ገጽ ሙሉ አተትኩ። ያመለከትኩበትን የሥራ መደብ ስም ግን ረሳሁት። ወረቀቱን የተቀበሉኝ አንድ ሽማግሌ አንብበው ሲጨርሱ በመነጽራቸው ላይ አይተውኝ «ልጄ፣ ችግርህን አገኘሁት፤ ሥራህን ግን አላገኘሁትም» አሉኝ። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ነገሩን ልግለጸው። ማመልከቻችሁ ሲገባ የሚያየው አንድ ርኅሩኅ ሹም አይደለም። መልማይ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ፊት ሰንጠረዥ አለ። ወደ ታች የአመልካቾች ስም ይጻፋል። ወደ ጎን ደግሞ ማስታወቂያው የጠየቀው ነገር ሁሉ ይደረደራል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ማስረጃ። አለው? ምልክት ይደረጋል። የለውም? ባዶ ይቀራል። ባዶ የበዛበት ሰው ፈተና ሳይቀመጥ ይወድቃል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ «ድህነት» የሚል ዓምድ የለም።

ይህ ጭካኔ ይመስላል። ለእኔ ግን ጭካኔ አይመስለኝም። ድህነት ቢቆጠር ኖሮ ማን በማን ይበልጣል? አመልካቹ ሁሉ ድሃ ነው። እንዲያውም ሹሙን የሚያውቅ ሰው ከሁሉ የባሰ ድሃ ሆኖ ይጻፍ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው። ማስታወቂያ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ራሳችሁ ቆማችሁ አንብቡት። ቃሉ ሊከብድ ይችላል። «የሥራ መደብ» ማለት የሥራው ስም ነው። «ተፈላጊ ችሎታ» ማለት ለሥራው የሚጠየቀው ትምህርትና ልምድ ነው። «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ሲል ዋናው ወረቀት ታይቶ ይመለስላችኋል፤ ኮፒው ግን እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ዋናውን ለማንም ትታችሁ አትምጡ።

ከሁሉ በላይ ቀኑን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን አይደሉም። ወደ ከተማ የምትመጡት በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ገበያ በሳምንት አንዴ ነው። ዛሬ ያያችሁትን ማስታወቂያ «ለሚቀጥለው ገበያ እመለስበታለሁ» ካላችሁ ምዝገባው ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ደግሞም መብራት ይጠፋል። መብራት ከሌለ ኮፒ የለም። በመጨረሻው ቀን ኮፒ ቤት በር ላይ ቆሞ መብራት የሚጠብቅ ሰው ስንቱን አይቻለሁ!

እንግዲህ ከእኚያ እናት ጋር ሰሌዳው ዘንድ ሄድን። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። 4ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይላል። የጽዳት ሥራ ልምድ ያለው ይመረጣል ይላል። ሁለቱንም ያሟላሉ። ማታ ቁጭ ብለን በእርሳስ ጻፍን። እኔ የተናገርኩት ጥቂት ነው፤ እጁ የእሳቸው ነበር። እንዲህ ይላል፤ ስሙንና ቦታውን በነጥብ ትቼዋለሁ፤ እናንተ በራሳችሁ ሙሉት።

ቀን ...............

ለ............... ወረዳ ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በጽዳት ሠራተኛነት ለመቀጠር ስለማመልከት

እኔ አመልካች ወ/ሮ ............... በወረዳው በ............... ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ በቀን ............... ባወጣው ማስታወቂያ ለጤና ጣቢያ አንድ የጽዳት ሠራተኛ እንደሚፈልግ አንብቤአለሁ።

4ኛ ክፍልን በማታው ትምህርት አጠናቅቄአለሁ። ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በ............... ትምህርት ቤት በቀን ሥራ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት የመማሪያ ክፍሎችንና አራት መጸዳጃ ቤቶችን በየቀኑ አጸዳ ነበር። ውሃም ራሴ እየቀዳሁ ነው። በዕቃ ላይ የተጻፈ መመሪያ አንብቤ እረዳለሁ። በሌሊት ተራም መሥራት እችላለሁ።

ስለዚህ ለውድድሩ እንድመዘገብ አመለክታለሁ። የትምህርትና የሥራ ማስረጃዬን ኮፒ ከመታወቂያዬ ኮፒ ጋር አያይዤአለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ............... ስም ............... ስልክ ...............

ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። ማንም ሰው ታማኝ ነኝ ይላል። «ለአፍ ዳገት የለውም» ይባል የለ? አፍማ ሊማሊሞን በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ስድስት ክፍልና አራት መጸዳጃ ቤት ግን ሊቆጠር ይችላል። ትምህርት ቤቱ ተጠይቆ ሊመሰክር ይችላል።

እሳቸው በእርሳስ የጻፉትን በማግሥቱ በእስክሪብቶ ገለበጡት። ፊደሉ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። በኮምፒዩተር አጽፈው እንዲያስገቡት አማራጭ ነበራቸው። «የለም፣ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ ብዬ በሰው እጅ ላስጽፍ?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። በመጨረሻ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረዳው ቢሮ ያለው ወረቀታቸው ሁሉ የጣት አሻራ ነበረበት።

ማመልከቻው ብቻውን ግን አይበቃም። ማስረጃ ይከተለዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሠራችሁበት ቦታ የሥራ ልምድ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሠራችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ምን ያህል ይከፈላችሁ እንደነበር ይጻፍ። ቀን፣ ፊርማና ማህተም ይኑረው። «ከዚህ በፊት ሠርታለች» ብቻ የሚል ወረቀት ዓመት አያስቆጥርም። እኚህ እናት ለዚህች ወረቀት ትምህርት ቤቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል።

ስለ ስም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። መታወቂያችሁ ላይ «ኃይሉ» በኃ ተጽፎ፣ የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ «ሀይሉ» በሀ ከተጻፈ ጠያቂ ይመጣል። ፊደላችን ብዙ ነው፤ ድምፁ አንድ ነው። ጸሐፊው ሁሉ የመሰለውን ይጽፋል። ሌላው ደግሞ የክርስትና ስምና የቤት ስም ነው። ሰፈር የሚጠራችሁ በአንዱ፣ ትምህርት ቤት የመዘገባችሁ በሌላው ይሆናል። የአያትም ስም እንዲሁ አንዱ ላይ ይገባል፣ አንዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩት። የማይገጥም ካለ አስቀድማችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱ። ይህን በምዝገባው የመጨረሻ ቀን መጀመር አይሆንም።

ወረቀታቸው የጠፋባቸውም አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ሰው ልጁን አዝሎ ነው የወጣው። ሰርተፍኬት ይዞ የወጣ ጥቂት ነው። ሲመለስ ቤቱም ሳጥኑም ባዶ ሆኖ ያገኘው ብዙ ነው። እንዲህ የሆነባችሁ ሰዎች ተስፋ ቆርጣችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱ። የክፍል ውጤት መዝገብ ከተረፈ ምትክ ይጻፍላችኋል። የቀድሞ ኮፒ ያለው ወንድም፣ የቀድሞ አሠሪ፣ አንድ ጊዜ የተመዘገባችሁበት ቢሮ ፈልጉ። አንድ የማታ ተማሪዬ የ8ኛ ክፍል ማስረጃውን ኮፒ ያገኘው ከዓመታት በፊት ደባርቅ ላይ ለሥራ አመልክቶ ከቀረበት ፋይል ውስጥ ነው። ያን ሥራ አላገኘም ነበር፤ ወረቀቱ ግን ጠበቀው። የሌላችሁን ማስረጃ ግን በገንዘብ አትግዙ። ሐሰተኛ ማስረጃ ተጣርቶ ሲገኝ ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። «ለሹሙ የምሰጠው ትንሽ ብር አምጡ» የሚል ደላላም ቢመጣ አትስጡት።

አካል ጉዳት ያለባችሁ ሰዎች ጉዳታችሁን አትደብቁ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በቅጥር ጊዜ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ያደርጋል። ሥራውን እንዴት አድርጋችሁ እንደምትሠሩት ግን አብራችሁ ጻፉ።

ልጆቻችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን የሚያመለክቱ ከሆነ መንገዱ ያው ነው። ቅድም እንዳልኩት በ1995 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ነበር የሚጠየቀው። ከዚያ ወዲህ የሥልጠናው ደረጃ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በገባችበት ሕግ አትመሩ፤ የዘንድሮውን ማስታወቂያ አንብቡ። ፕሮግራሙ የአካባቢውን ሰውና ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ይፈልጋል። ልጅቱ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ቤት ለቤት ዞራ ከነበረ፣ ከየትኛው ጎጥ እስከ የትኛው ጎጥ እንደዞረች ትጻፍ።

አሁን ወደ ፈተናው እንለፍ። ለጽዳት ሥራ ምን ፈተና አለ ትሉ ይሆናል። አለ። ጤና ጣቢያ ማጽዳትና ቤት መጥረግ አንድ አይደሉም። ደም ይፈስሳል፤ የተወጋበት መርፌ አለ። ለዚህ እኔ አንድ ብልቃጥ በረኪና ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ የብልቃጡን ጽሑፍ ተራ በተራ አነበቡ። 5 በመቶ ይላል። ለጤና ጣቢያ ዕቃ ማርከሻ የሚፈለገው ግማሽ በመቶ ነው። እንግዲህ ስንት ውሃ ይጨመራል? አንድ ጣሳ በረኪና በዘጠኝ ጣሳ ውሃ ነው። ይህ ለ5 በመቶው ነው፤ ብልቃጡ ሌላ ቁጥር ካለው ሒሳቡም ይለወጣል። ለዚህ ነው ማንበብ የሚያስፈልገው። ያገለገለ መርፌም በእጅ አይነካካም፤ ቆቡ ተመልሶ አይደፈንም። ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የካርቶን ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። እስከ አፉ አይጠቀጠቅም፤ እጅ ይወጋልና።

እኚያ እናት ለፈተና ተጠሩ። የበረኪናው ጥያቄ መጣ። አንድ በዘጠኝ ብለው መለሱ። ሆኖም ሁለተኛ ነው የወጡት። አንደኛ የወጣችው ሴት በጤና ጣቢያ የሠራች ነበረች። የሚፈለገው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ስማቸው «ተጠባባቂ» ተብሎ በሰሌዳው ላይ ወጣ። አብረን አነበብነው። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጉሊታቸው ሄዱ። ሁለት ሳምንት የማታ ትምህርት ቀሩ። እኔም መከርኳቸው ብዬ ተጸጸትኩ።

ከአምስት ወር በኋላ አንደኛ የወጣችው ሴት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ጽሕፈት ቤቱ ተጠባባቂዋን ፈለገ። እሳቸው ስልክ አልነበራቸውም። ማመልከቻው ግርጌ ላይ ግን በጎረቤታቸው ፈቃድ የጎረቤታቸውን ቁጥር ጽፈው ነበር። የተደወለው በዚያ ቁጥር ነው። ጎረቤታቸው ስልኩን ይዛ ጉሊት ድረስ ሮጠች።

ስለዚህ ስልክ ቁጥር መጻፍ አትርሱ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ቁጠሩት፤ 10 አኃዝ ነው።

እንግዲህ የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለው ቀበሌ ወይም ጤና ጣቢያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ማስታወቂያ ፈልጉ። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ግድ የለም። በደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ከሥሩ በሕይወታችሁ የሠራችሁትን ሥራ ጻፉ። የቀን ሥራም ይሁን፣ የሰው ቤትም ይሁን፣ ሳታፍሩ ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የቅሬታ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ እንማራለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልኝ፤ ደኅና እደሩ።